የቡና አተላ ለጥላ ተክሎች፦ ከጀበናው እስከ አፈሩ

ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ አተላ አለ። አብዛኞቻችን ወይ ከቆሻሻ ጋር እንጥለዋለን፣ ወይ ደግሞ በረንዳው ጥግ ካለው አበባ ሥር እንዳለ እንገለብጠዋለን። መጣሉ ብክነት ነው። መገልበጡ ግን ይብሳል፤ ተክሉን የመገብነው እየመሰለን እናፍነዋለን። ጥላ ውስጥ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ፀሐይ ስለማያገኘው አተላው እርጥብ እንደሆነ ይሰነብታል፣ ይሻግታል፣ ሲደርቅም ተጋግሮ ውሃ አላሳልፍ ይላል።

ምክሬ አጭር ነው፦ አተላውን በጥቂቱ፣ ከደረቅ ቅጠል ጋር፣ አብላልታችሁ (ኮምፖስት፣ ማለትም በስብሶ አፈር የመሰለ ማዳበሪያ፣ አድርጋችሁ) ስጡ። እንዴት እንደሚደረግ ግን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው፤ ምክንያቱም ነገሩ ያለው ዝርዝሩ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ እነዚህ ተክሎች ምን ለምደዋል?

ጥላ የሚወዱ ተክሎች አብዛኞቹ የጫካ ልጆች ናቸው። ትልልቅ ዛፎች ሥር፣ የወደቀ ቅጠል ላይ ነው ያደጉት። ቡና ራሱ ጥላ ወዳድ ነው። በካፋ፣ በሸካ፣ በያዩና በሐረና ጫካዎች ዛሬም በራሱ ጊዜ በቅሎ ታገኙታላችሁ፤ ኮረሪማም ከእሱ ጎን አለ። ካፋና ያዩ እ.ኤ.አ. በ2010፣ ሸካ ደግሞ በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡትም ይህ ጫካ ስላላቸው ነው። እዚያ ውስጥ ማዳበሪያ የሚበትን ሰው የለም። የዋንዛው፣ የብሳናው፣ የሰሳው ቅጠል ዓመቱን ሙሉ በስሱ ይወርዳል፤ ሻጋታውና ትሉ ይሠራበታል፤ ምግቡ ቀስ እያለ ወደ ሥር ይሰርጋል።

ግቢያችሁ ውስጥ ያሉት ፈርን፣ ካላ ሊሊ፣ ሃይድራንጃ፣ ቤጎኒያ፣ ሞንስቴራና ፖቶስም የሚፈልጉት ወደዚህ የቀረበ ነገር ነው። ብዙዎቹ ጥቃቅን ሥሮቻቸውን ከመሬቱ ወለል ብዙም ሳያርቁ ስለሚዘረጉ፣ ከላይ የምትጭኑባቸው ነገር ሁሉ ወዲያው ይሰማቸዋል። እርጥበት ይወዳሉ፣ መታፈን ግን አይወዱም። አየር የሚያስገባ፣ ለስለስ ያለ፣ ቅጠል የበዛበት አፈር ስጧቸው እንጂ ከባድ ምግብ አይጠይቋችሁም።

አተላ የማይስማማቸውም አሉ። ሳንሰቪየሪያ ጥላ ይችላል፤ ግን ደረቅ አፈር ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ ተዉት። የጥብስ ቅጠልና ላቬንደር ከነጭራሹ የፀሐይና የደረቅ መሬት ተክሎች ናቸው። ገና የተዘራ ዘርና ጨቅላ ችግኝ አጠገብ ደግሞ አተላ አታድርሱ። በውስጡ የሚቀረው ካፌይን ዘር እንዳይበቅልና ሥር እንዳያድግ ሊያደርግ ይችላል።

አተላው ውስጥ ምን አለ?

ከደረቅ ክብደቱ 2 በመቶ አካባቢው ናይትሮጂን ነው። ትንሽ ፖታሲየም፣ ትንሽ ፎስፈረስ፣ ጥቂት ማግኒዥየምም አለበት። ናይትሮጂኑ መጥፎ መጠን አይደለም፤ ችግሩ ተክሉ ወዲያው አያገኘውም። ፕሮቲን ውስጥ ታስሮ ነው ያለው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ፈትተው እስኪያወጡት ድረስ እነሱ ራሳቸው ለሥራቸው ናይትሮጂን ይፈልጋሉ፣ የሚወስዱትም ከአፈሩ ነው። ጥሬ አተላ በብዛት የተሰጠው ተክል ቢጫ የሚሆነው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ይህን አስመልክቶ ልብ የሚባል ጥናት አለ። የሜልቦርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ሥራ ያልተብላላ የቡና አተላ አፈር ውስጥ ቀላቅለው ብሮኮሊ፣ ሊክ፣ ፍጅል፣ ቫዮላና የሱፍ አበባ ዘርተው አዩ። የተክሎቹ እድገት በግልጽ ቀነሰ። አፈሩ ግን ውሃ የመያዝ አቅሙ ጨመረ። ሁለቱን ነገር አብራችሁ ያዙ፤ አተላ ለአፈር ጥሩ ነው፣ ለተክሉ የሚጠቅመው ግን ከተብላላ በኋላ ነው።

ስለ አሲድነቱም አንድ ነገር ማጥራት አለብኝ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ሁሉም የሚቀባበለው ወሬ ነው። ያልፈላ የቡና ዱቄት አሲድ ነው። ከፈላ በኋላ ግን አሲዱ በአብዛኛው ከቡናው ጋር ስኒ ውስጥ ይገባል። የሚቀረው አተላ ብዙ ጊዜ ፒኤች 6.5 አካባቢ ነው፤ ማለትም ወደ ገለልተኛ የቀረበ። እየተብላላ ሲሄድ ደግሞ መጠኑ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ «አፈሬን አሲድ ላድርግበት» ብላችሁ አተላ አትከምሩ፤ የሃይድራንጃችሁንም አበባ ሰማያዊ አያደርገውም። ሃይድራንጃ ሰማያዊ የሚሆነው አፈሩ አሲዳማ ሆኖ አልሙኒየም በሥሩ መውሰድ ሲችል ነው፣ አተላ ደግሞ ይህን በአስተማማኝ አያመጣም።

የጀበናው፣ የማሽኑና የገለባው ልዩነት

ፈረንጆች በሚጽፉት መመሪያ ላይ አተላ ሲባል የማሽን ወይም የማጣሪያ አተላ ነው። የእኛ ይለያል። ጀበና ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እየተባለ በዚያው ዱቄት ላይ ሦስት ጊዜ ውሃ ይጨመርበታል። ሦስቴ የተቀቀለ አተላ ካፌይኑም፣ የሚሟሟው ነገርም በደንብ ወጥቶለታል። ይህ ለተክል ጥሩ ዜና ነው። መጥፎ ጎኑ ደቃቅነቱ ነው። የጀበና ቡና አልሞ ስለሚፈጭ ወይም ስለሚወቀጥ፣ አተላው እንደ ጭቃ ተጣብቆ ይወጣል። ከማሽኑ አተላ በቶሎ ይጋገራል።

የካፌ ማሽን አተላ ውሃ የሚያልፍበት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ብዙ ነገር ይቀርበታል፣ ካፌይንም ጭምር። ስለዚህ ከካፌ የምታመጡትን ሳታብላሉ አትጠቀሙበት። መልካሙ ነገር በብዛት መገኘቱ ነው። ባልዲ ይዛችሁ ሄዳችሁ «አተላችሁን አትጣሉብኝ» ብትሏቸው የሚሰጧችሁ ካፌዎች አታጡም፤ ለእነሱም ቆሻሻ ይቀንስላቸዋል። ተጠፍጥፎ ስለሚወጣ ቤት ስትደርሱ በእጃችሁ ፍርፍር አድርጉት።

ቡና ሲታጠብና ሲቆላ የሚለቀው ስስ ገለባም አለ። ቀላል ነው፣ ደረቅ ነው፣ አይጋገርም። ትንሽ ስለሆነ ብቻ ሰው ይንቀዋል፤ እኔ ግን ከአተላው ይልቅ ለፖት አፈር የምመርጠው እሱን ነው።

አሁን በጣም አስፈላጊው ማስጠንቀቂያ። ቡናችሁን በጨው የምትጠጡ ከሆነና ጨዉ ጀበናው ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ያንን አተላ ለተክል አትስጡ። ጨው አፈር ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሥር ያቃጥላል፤ ጥላ ውስጥ ያለ ፖት ደግሞ በደንብ ስለማይታጠብ ይብስበታል። ቅቤ የገባበትም አይሆንም፤ ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። ስኒ ሥር የቀረ ስኳር ያለበት አተላ ጉንዳን ያመጣል፣ እሱን ለይታችሁ ጣሉት። ጤና አዳም፣ ቅርንፉድ ወይም ኮረሪማ ጣል ቢደረግበት ግን ምንም አይደለም።

ደረጃ 1፦ መሰብሰብና ማድረቅ

ጀበናውን ከበረካ በኋላ በውሃ አንቀጥቅጡና በአሮጌ ወንፊት ወይም በነጠላ ቁራጭ ላይ ገልብጡት። ውሃው ያልፋል፣ አተላው ይቀራል። ይህን ስታደርጉ የእቃ ማጠቢያ ቱቦ ከመዘጋትም ይተርፋል፣ ደቃቅ አተላ የቧንቧ ጠላት ነው። ያለፈው ውሃ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮምፖስታችሁ ላይ ይፍሰስ።

አተላውን ትሪ ወይም ጋዜጣ ላይ በስሱ ዘርጉት። በበጋ ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ይበቃዋል። በእጃችሁ ስታሹት እንደ አሸዋ ከተበተነ ደርቋል ማለት ነው። ከደረቀ ወራት ይቀመጣል። እርጥቡን ፌስታል ውስጥ ቋጥራችሁ ማስቀመጥ ግን አይሆንም፤ ይኮመጥጣል፣ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል።

ክረምት ላይ ፀሐይ የለም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ለማድረቅ አትድከሙ፤ በቀጥታ ወደ ኮምፖስቱ ይግባ፣ ከላዩ ደረቅ ቅጠል ይልበስ።

ቤት ውስጥ ውሻ ካለ አተላውን ከሚደርስበት አርቁ። ካፌይን ውሻን ይመርዛል፤ በተለይ የማሽን አተላ በባልዲ ክፍቱን አታስቀምጡ።

ደረጃ 2፦ ማብላላት

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ የመመሪያው ልብ ይህ ነው።

አንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ሲያልቅ ምን ምን እንደሚቀር ተመልከቱ። አተላ ይቀራል። የተጎዘጎዘ ቄጠማ ይቀራል። የከሰል አመድና ድቃቂ ይቀራል። ሦስቱም ለኮምፖስት የሚሆኑ ናቸው፣ ሦስቱንም ደግሞ አንድ ላይ ጠርገን እንጥላቸዋለን። አተላው ናይትሮጂን ያመጣል። ቄጠማው ሲደርቅ ካርቦን ያመጣል፣ ክምሩም አየር እንዲያገኝ ያደርጋል። አመዱ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው፣ የከሰሉ ድቃቂ ደግሞ ውሃና አየር ይይዛል። (ፕላስቲኩን ቄጠማ አላልኩም፤ እሱ ቀለሙ ይለቅ ይሆናል እንጂ አይበሰብስም።)

ልኬቱ ቀላል ነው። አተላው ከጠቅላላው ክምር በስፍር ከአምስት አንድ እጅ እንዳይበልጥ። እኔ በባልዲ ነው የምለካው፦ አንድ ባልዲ አተላ፣ ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠልና ቄጠማ፣ አንድ ባልዲ የአትክልት ልጣጭ ወይም የተነቀለ አረም። ፍግ ካላችሁ የልጣጩን ግማሽ በፍግ ተኩት፤ ሙቀቱ ቶሎ ይነሳል። አመድ ከአንድ እፍኝ አይለፍ። አመድ ፒኤችን ከፍ ያደርጋል፣ ማለትም አሲድነትን ይቀንሳል፣ በብዛት ከፍግና ከአተላ ጋር ሲገናኝም ናይትሮጂኑን በጋዝ መልክ ያባርረዋል። ለሃይድራንጃ ወይም ለቡና ችግኝ የምታዘጋጁት ከሆነ አመዱን ጨርሶ ተዉት።

ቅጠሉን በተመለከተ፣ የዋንዛ፣ የብሳና፣ የኮክ፣ የጊሽጣ ቅጠል ቶሎ ይበሰብሳል። የአቮካዶና የማንጎ ቅጠል ጠንካራ ስለሆነ በእጅ ቆራርጡት ወይም በእግር ርገጡት። የባህር ዛፍ ቅጠል አታስገቡ። ዘይት አለው፣ ሌላ ተክል እንዳይበቅል የሚያደርግ ነገር ይለቃል፣ ለመበስበስም ሰነፍ ነው። የጽድ ቅጠልም ጥቂት ብቻ ይሁን።

ግቢ ያላችሁ ጥግ ላይ፣ ጥላ ቦታ፣ መሬት ላይ ከምሩት። ቁመቱም ስፋቱም አንድ ሜትር ቢደርስ ጥሩ ይሞቃል። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ሥሩና ጎኑ የተበሳ ባልዲ ወይም ጆንያ ይበቃችኋል፤ ከሥሩ ትሪ አድርጉ። ስትሞሉ እንደ ምንጣፍ በየተራ አነባብሩት፦ ወፍራም ቅጠል፣ ስስ አተላ፣ ልጣጭ፣ እንደገና ወፍራም ቅጠል። አተላው ብቻውን ወፍራም ሆኖ ከተቀመጠ መሃሉ አየር ያጣና ይሸታል። የመጨረሻው ከላይ የሚታየው ነገር ሁልጊዜ ደረቅ ቅጠል ይሁን፤ ዝንብ የሚከለክለው እሱ ነው። ትንሽ የግቢ አፈር በየመሃሉ በትኑበት፣ ባክቴሪያውንና ፈንገሱን ይዞ ይገባል።

እርጥበቱን በእጃችሁ ለኩ። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ ልክ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ። ምንም ካልወጣና ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉበት። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ገልብጡት፣ ውጩን ወደ ውስጥ፣ ውስጡን ወደ ውጭ። የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ አየር አጥቷል ማለት ነው፤ ገልብጡና ቅጠል ጨምሩ። ሽንት ሽንት ካለ ደግሞ አተላው ወይም ፍጉ በዝቷል፤ መድኃኒቱ ያው ቅጠል ነው።

አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ከሦስት እስከ አምስት ወር ጠብቁት። አዳማ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ ሙቀቱ ስለሚረዳ ይፈጥናል፤ እዚያ የሚያስቸግረው መድረቁ ነው። ደርሷል የሚባለው ጠቆር ብሎ፣ ተፍረክራኪ ሆኖ፣ የዘነበበት አፈር ሲሸት ነው። ውስጡ አተላውን ለይታችሁ ማየት ከቻላችሁ ገና ነው።

የመሬት ትል የምታረቡም ካላችሁ አተላ ይወዳሉ፤ ግን በየጊዜው በጭብጥ ብቻ፣ ከሌላ ምግብ ጋር። አንዴ ባልዲ ሙሉ ከደፋችሁባቸው ይሞቃቸዋል፣ ይሸሻሉ ወይም ይሞታሉ።

ደረጃ 3፦ መሬት ላይ ላሉ ተክሎች መስጠት

ሁለት ጊዜ በዓመት ይበቃል። አንዱ ግንቦት መጨረሻ ወይም ሰኔ መጀመሪያ፣ ክረምቱ ጠንክሮ ሳይገባ። ሁለተኛው መስከረም መጨረሻ ወይም ጥቅምት፣ ዝናቡ ሲያባራና መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አሮጌውን የቅጠል ልባስ ወደ ጎን ጥረጉት። የአፈሩን ገጽ በትንሽ መኮትኮቻ ወይም በአሮጌ ሹካ ጫር ጫር አድርጉ፣ ሥር እንዳትነኩ ከሁለት ጣት በላይ አትግቡ። ኮምፖስቱን በ2 ወይም በ3 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ዘርጉ። ከተክሉ ግንድ አራት ጣት ያህል ራቁ፤ ግንዱን አቅፎ የተቀመጠ እርጥብ ነገር ያበሰብሰዋል፣ ካላ ሊሊና ቤጎኒያ ላይ ይህ ቶሎ ይታያል። ውሃ አጠጡ። ከዚያ የጠረጋችሁትን ቅጠል መልሱ፣ አዲስም ጨምሩበት፣ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ደስ ይለዋል።

ትልቅ ዛፍ ሥር ከሆነ የዛፉም ሥር ከላይ ያለውን ምግብና ውሃ ይሻማል። እዚያ ላይ ምግቡን ከማብዛት ይልቅ ውሃውን አስቡ። አቮካዶ ሥር የተተከለ ፈርን የሚሞተው ብዙ ጊዜ በረሃብ ሳይሆን በጥማት ነው። ቆፍራችሁ አፈር ለመለወጥም አትሞክሩ፣ የዛፉን ሥር ትቆርጣላችሁ።

የአፈራችሁ ዓይነትም ለውጥ ያመጣል። ጥቁሩ መረሬ ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እዚህ ላይ ደቃቅ ጥሬ አተላ መጨመር ጭቃ ላይ ጭቃ ነው፤ ቅጠሉ የበዛ፣ ሸካራ ኮምፖስት ግን ቀስ በቀስ ይከፍተዋል። ቀዩ አፈር የተሻለ ውሃ ያሳልፋል፤ ዝናብ በሚበዛበት የምዕራብ አካባቢ ግን አሲድነት ያጠቃዋል፣ ስለዚህ እዚያ ትንሿ አመድ ትጠቅማለች፣ ተክሉ አሲድ ወዳድ ካልሆነ።

ኮምፖስት ለመሥራት ቦታም ጊዜም የለኝም የምትሉ ካላችሁ በጥሬው የምትጠቀሙበት አንድ መንገድ አለ። የደረቀ የጀበና አተላ ውሰዱ፤ የማሽኑን አይደለም። በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ በላይ አይሁን። ዱቄት እንደምትነሰንሱ በትኑት፣ ከሥሩ አፈሩ መታየት አለበት። ጫር ጫር አድርጋችሁ ከአፈሩ ጋር አዋህዱት፣ ከዚያ በደረቅ ቅጠል ሸፍኑት። ቅጠሉ ግዴታ ነው፤ ሳይሸፈን የቀረ አተላ ይጋገራል። በቀጣዩ ጊዜ ከመስጠታችሁ በፊት ቅጠሉን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። የድሮው አተላ ገና ካለ ጠብቁ።

ደረጃ 4፦ ፖት ውስጥ ላሉት

ፖት ሌላ ዓለም ነው። አፈሩ ጥቂት ነው፣ ትል የለበትም፣ የተረፈ ነገር የሚሄድበት የለውም። ስለዚህ ፖት ላይ ጥሬ አተላ በፍጹም አልመክርም። ከላይ ቢበተን ሻጋታ ያወጣል፣ እነዚያ ፊት ላይ የሚዞሩ ትንንሽ ጥቁር ዝንቦችም እርጥብ አፈርና አተላ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ።

ፖት ስትቀይሩ አንድ እጅ የደረሰ ኮምፖስት ከሦስት ወይም ከአራት እጅ አፈር ጋር ቀላቅሉ። አፈሩ ከባድ ከሆነ ሸካራ አሸዋ፣ የቡና ገለባ ወይም አተር የሚያካክል የከሰል ድቃቂ ጨምሩበት። ፖቱ ሥሩ መበሳቱን አረጋግጡ፤ ጥላ ውስጥ ያለ ያልተበሳ ፖት ተክል ገዳይ ነው። በመሃል ምግብ ሲያስፈልገው ከላይ አንድ ጣት ውፍረት አፈር አንስታችሁ በኮምፖስት ተኩለት። ያ ለስድስት ወር ይበቃዋል።

የቀዘቀዘ የተረፈ ቡና ፖት ላይ የሚያፈሱ ሰዎች አሉ። ካፌይኑ በቀጥታ ሥር ላይ ነው የሚደርሰው፣ ምግቡ ደግሞ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አታድርጉት።

ዋሽንግተን፣ ቶሮንቶ ወይም ስቶክሆልም አፓርትመንት ውስጥ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ የእናንተ ወቅት ይለያል። በክረምት ብርሃኑ ስለሚቀንስ የቤት ውስጥ ተክሎቻችሁ ማደግ ያቆማሉ ወይም ይቀንሳሉ፤ ያኔ ምንም አትመግቧቸው። ከኅዳር እስከ የካቲት አተላችሁን ማሞቂያው አጠገብ አድርቃችሁ አጠራቅሙ፣ ጸደይ ሲመጣ አብላሉት። አዲስ ቅጠል ሲያወጡ መመገብ ጀምሩ።

ከዚያ በኋላ ምን ትመለከታላችሁ?

ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር አፈሩ ላይ ካያችሁ አትደንግጡ። አብዛኛውን ጊዜ አተላውን የሚበላ ፈንገስ ነው፣ ተክሉን አይነካም። ግን አተላው መወፈሩን ወይም ውሃው መብዛቱን እየነገራችሁ ነው። ሰብሩት፣ አየር ስጡት፣ ቅጠል ቀላቅሉበት።

ውሃ ስታጠጡ ከላይ ተንሳፎ ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ አተላው ተጋግሯል። ቅርፊቱን አንስታችሁ ወደ ኮምፖስቱ መልሱት።

የታችኞቹ፣ የቆዩት ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ እድገቱ ከቆመ ናይትሮጂኑ ተሻምቶበታል። አተላ መስጠት አቁሙ፣ የደረሰ ኮምፖስት ወይም በደንብ የበሰበሰ ፍግ በስሱ ስጡት። መስተካከል እስኪጀምር ጊዜ ይወስዳል፣ በየቀኑ አዲስ ነገር አትሞክሩበት። በነገራችን ላይ ውሃ የበዛበት ተክልም ቢጫ ይሆናል፤ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ከታችሁ ሳታዩ አትፍረዱ።

ስለ ቀንድ አውጣ የምጠየቀው ብዙ ነው። «አተላ ቀንድ አውጣ ያባርራል» የሚባለው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2002 ሃዋይ ላይ የሠሩ የአሜሪካ ግብርና ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳተሙት፣ ከ1 እስከ 2 በመቶ ካፌይን ያለው ፈሳሽ ቀንድ አውጣዎችን ይገድላል። ያ ግን ተመጥኖ የተዘጋጀ ካፌይን ነው። ተራ የሚጠጣ ቡና እንኳ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው ያለው፣ ሦስቴ የፈላ የጀበና አተላማ አይነሳም። ክረምት ላይ ማታ በባትሪ ወጥታችሁ በእጅ ልቀሟቸው፤ እርጥብ ጣውላ መሬት ላይ ብታስቀምጡም ጠዋት ከሥሩ ተሰብስበው ታገኟቸዋላችሁ።

ቡናውን ራሱን መትከል ለምትፈልጉ

ጥላ ያለበት ጥግ ካላችሁ ቡና ትከሉ። ውብ ተክል ነው፤ ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ አበባው ከጃስሚን የማይተናነስ ሽታ አለው። አረቢካ በእኛ አገር በብዛት የሚለማው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,300 እስከ 2,100 ሜትር ባለው ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ከዚያ በላይ ስለሆነች ይቀዘቅዘዋል፤ ቢሆንም ነፋስ በማይመታው፣ የጠዋት ፀሐይ ለጥቂት ሰዓት በሚያገኝ ግድግዳ ሥር ወይም በትልቅ ፖት ይኖራል። ብዙ ምርት አትጠብቁበት።

ከችግኝ ጣቢያ የተዘጋጀ ችግኝ መግዛት ይሻላል፤ ከሱቅ የተገዛ ጥሬ ቡና ብዙ ጊዜ ስለቆየ አይበቅልም። ጉድጓዱን በጥልቀትም በስፋትም 50 ሳንቲ ሜትር አድርጉት። ከላይ የወጣውን አፈር ከደረሰው ኮምፖስት ጋር ሦስት ለአንድ ቀላቅላችሁ መልሱ። ሰኔ መጨረሻ ወይም ሐምሌ ላይ ትከሉ፣ ዝናቡ ያጸድቀዋል። የመጀመሪያውን ዓመት ጥሬ አተላ አታሳዩት። ዙሪያውን ወፍራም ቅጠል አልብሱት፣ ከግንዱ አራት ጣት አርቃችሁ። በጋ ሲገባ በሳምንት ሁለት ጊዜ በደንብ አጠጡት፤ ቅጠሉ ወደ ታች ከተንጠለጠለ ሦስተኛም ጨምሩ። አበባ ለማየት ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል። ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ ሥሩ ከተደላደለ በኋላ፣ መሬት ላይ የተተከለ ከሆነ ከላይ በነገርኳችሁ ልክ የደረቀ የጀበና አተላ ከቅጠሉ ሥር መነስነስ ትችላላችሁ።